ደቻቱን ሽቅብ፦ ልጆቹን ከክፍል ላውጣቸው ወይስ ይቅርብኝ?

ቲቸር ከዚራ (ክሩን የከፈተው) · ጥቅምት 6

ሰላም የድሬና የሐረር ሰዎች። ድሬዳዋ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ 10ኛና 11ኛ ክፍል። የአካባቢ ጥበቃ ክበቡም የኔ ነው። የኔ ነው ስል ማንም ስላልፈለገው ወደኔ መጣ ማለቴ ነው።

ባለፈው ሳምንት ስለ ተፋሰስ አስተማርኩ። ሰሌዳው ላይ ወንዝ ሳልኩ፣ ገባሮቹን ሳልኩ፣ ቀስት አደረግኩባቸው። ልጆቹ ገለበጡ። ከዚያ አንዱን "ደቻቱ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት። ዝም። ሌላዋን ጠየቅኳት። "ከድልድዩ ጋ" አለች። ክፍሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ። በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚሻገሩት ወንዝ እኮ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ስለሆነ ወንዝነቱንም የረሱት ይመስለኛል። ለነሱ አሸዋ ነው፣ ገበያ ነው፣ ከከዚራ ወደ መጋላ የሚያሻግር አቋራጭ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። ሃያ አምስት ልጅ ይዤ ከከተማው ድልድይ ልነሳና አሸዋውን ተከትዬ ወደ ደቡብ ሽቅብ ልሂድ። የአንድ ቀን ሽርሽር አይደለም። ሴሚስተሩን ሙሉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ፣ በየጊዜው ትንሽ ራቅ እያልን። መጨረሻ ላይ ደንገጎ ወጥተን ከተማችንን ከላይ ቁልቁል እናያታለን። ድሬ ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያች አጭር መንገድ አየሩ ይለወጣል፣ ዛፉ ይለወጣል፣ የሰዉ ልብስ ራሱ ይለወጣል። እንዲህ ያለ መማሪያ ክፍል ደጃችን ተቀምጦ እኛ ሰሌዳ ላይ ቀስት እንስላለን።

የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደህንነት። ሁለተኛው ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው እንዲመሩት እፈልጋለሁ። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ "ይሄ ግራር ነው፣ ይሄ ሸለቆ ነው" የምል ከሆነ ሰሌዳውን ተሸክሜ ወጣሁ ማለት ነው። ይሄን የሞከረ ሰው ካለ ምክሩን እፈልጋለሁ። "ይቅርብህ" የምትሉም በሉኝ፣ ግን ምክንያታችሁን ጨምሩበት።

—

ሳቢያን ማዶ · ጥቅምት 6

አቦ ቲቸር! እኛ በዘመናችን ከክፍል የምንወጣው አርፍደን ስንባረር ብቻ ነበር። ዛሬ መምህሩ ራሱ ያስወጣል። ዘመን ተገለበጠ።

—

ጎርፉን ያየሁ · ጥቅምት 6

ልጄ፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ስማኝ።

ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም። እኔ ከወንዙ ሦስተኛ መስመር ላይ ነበርኩ። ስንተኛ እኛ ሰፈር ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልነበረም። ሌሊት ድምፅ ሰማሁ፤ የባቡር ድምፅ መሰለኝ። ድሬ ውስጥ ሌሊት እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው መጀመሪያ ባቡር ነው የሚለው። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ያን ሌሊት ከ250 ሰው በላይ ነው የሄደው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ሜዳ ላይ ቀረ። ጎረቤቶቼን አጥቻለሁ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ልነግርህ የፈለግኩት ይህን ነው፦ የደቻቱ ጎርፍ እኛ ላይ ከሚዘንበው ዝናብ አይጠበቅም። ላይ ተራራው ላይ ይዘንባል፣ እኛ ጋ ሰማዩ ኮከብ ይቆጠርበታል፣ ውሃው ግን እየመጣ ነው። ስለዚህ "ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል" ብለህ ልጅ ይዘህ አሸዋ ውስጥ አትግባ። ላይ ደንገጎ አካባቢ ስልክ የምትደውልለት ሰው ይኑርህ። ጠዋት ሳትነሳ ደውል፣ አጋማሽ ላይ ደውል። በሐምሌና ነሐሴማ ከነጭራሹ እንዳታስበው። መጋቢትና ሚያዝያም ዝናብ አለ፣ እንዳትዘናጋ። የምትሄድበት ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው።

ሌላው፣ በየመንገዱ "ጎርፍ ቢመጣ ወዴት ነው የምንወጣው?" ብለህ ልጆቹን ጠይቃቸው። አንተ አትንገራቸው፣ እነሱ ይፈልጉት። ያን ጊዜ ወደ ላይ መሮጥ ሲገባ ወንዙን ይዘው ወደ ታች የሮጡ ነበሩ።

—

ቲቸር ከዚራ · ጥቅምት 6

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ጎረቤቶቹ አዝናለሁ። የስልኩን ነገር ያዝኩት። "ወዴት ነው የምንወጣው" የሚለውንም የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ጥያቄ አደርገዋለሁ። ፈቃድህ ከሆነ አንድ ቀን ድልድዩ ጋ መጥተህ ለልጆቹ ብትነግራቸው ደስ ይለኛል። (ታላቄን አንተ አልኩህ፤ የድሬ ልጅ ነኝና ይቅር በለኝ።)

—

የ10ኛ እናት · ጥቅምት 7

እኔ ወላጅ ነኝ፤ የሌላ ትምህርት ቤት ግን። የፈቃድ ወረቀት ቤት ቢመጣ ምን እንደምጠይቅ ልንገርህ።

ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? ጠዋት 12 ሰዓት ካልሆነ አልፈርምም። በድሬ ፀሐይ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ልጅ ይዞ አሸዋ ላይ መሄድ ግፍ ነው። ስንት ሊትር ውሃ? "እያንዳንዱ ሃይላንድ ይዞ ይምጣ" አትበለኝ፤ ልጄ ግማሹን መንገድ ላይ ጓደኞቿ ላይ ትረጫለች። መጠባበቂያ ጀሪካን የሚይዝ ባጃጅ ይኑር። ሴት መምህርት አለች? አንድ አይበቃም፣ ሁለት። ሽንት ቤት የት ነው? ሴት ልጅ የወር አበባዋ ቢመጣ ምን ታደርጋለች? ሳቁ ከፈለጋችሁ፣ ግን ልጃገረዶች "አሞኛል" ብለው የሚቀሩት በዚህ ነው። ከዚያ እናንተ "ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም" ብላችሁ ሪፖርት ትጽፋላችሁ።

ገንዘብም አለ። ለትራንስፖርት አዋጡ ካልክ የማይችል ልጅ አፍሮ ይቀራል። በእግር የሚኬደውን በእግር ሂዱ።

ይሄን ሁሉ ካሟላህ ግን እኔም ጫማዬን አድርጌ እመጣለሁ። ውፍረቴንም ልቀንስበት።

—

ሎጋሪዝም · ጥቅምት 7

ደስ የማይል ነገር የምናገረው እኔ ልሁን።

እኔም አስተማሪ ነኝ፣ ሒሳብ። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ተማሪ ብቻ ነው። መቶ ልጅ ተፈትኖ ሦስት! እንዲህ ባለ ጊዜ ቅዳሜን ለአሸዋ መስጠት ለኔ ቅንጦት ነው። ፈተናው ደቻቱ ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። የሀብታም አገር ልጅ ድንኳን ይዞ ተራራ ሲወጣ "አመራር ተማረ" ይባላል። የኛ ልጅ ፍየል ይዞ ሲወጣ ከትምህርት ቀረ ይባላል። ለማንኛውም ክፉ አስቤ አይደለም። ልጆቹ ማለፍ አለባቸው።

—

ቲቸር ከዚራ · ጥቅምት 7

የፍየሏ ነገር ገብታኛለች፣ ልክ ነህ። ከክበቡ ልጆች ሁለቱ በክረምት ከብት የሚጠብቁ ናቸው። ስለ ሣር ከኔ የበለጠ ያውቃሉ፣ ክፍል ውስጥ ግን አንዴም እጃቸውን አያወጡም።

ስለ ፈተናው ግን አንድ ስሌት ልስጥህ፣ ሒሳብ ስለምትወድ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በካሬ ሜትር 50 ሊትር። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ራቁት ተዳፋት ላይ 50 ሚሊዮን ሊትር። ባለ 10 ሺህ ሊትር የውሃ ቦቴ 5,000 ጊዜ ማለት ነው፤ ከአንዲት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ። ይሄን ክፍል ውስጥ ብሰራው ቁጥር ነው። ድልድዩ ሥር ቆመን ብንሰራውስ?

—

ሎጋሪዝም · ጥቅምት 7

ስሌትህ ስህተት አለው። ሁሉም ውሃ አይወርድም፤ ወደ መሬት የሚሰርገውን ረሳኸው።

—

ቲቸር ከዚራ · ጥቅምት 7

አልረሳሁትም። ልጆቹ የሚለኩት እሱን ነው።

ሃይላንዱን ከላይም ከታችም ቆርጠህ መሬት ላይ ታጣብቀዋለህ። ግማሽ ሊትር ታፈስበታለህ፣ እስኪሰርግ ሰዓት ትይዛለህ። አንዱን ግራር ሥር፣ አንዱን ፍየል የረገጠው መንገድ ላይ። ልዩነቱን ና እና እየው።

—

ጁገል አምስት በር · ጥቅምት 8

ከሐረር ነኝ። እኔም አስተማሪ ነኝ። የኔን ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል።

የሐረማያን ሐይቅ ልጅ ሆኜ አውቀዋለሁ። ወደ ድሬ ስንወርድ መስኮት በኩል ለመቀመጥ የምንጣላው እሱን ለማየት ነበር። ሐረር የምትጠጣው ከዚያ ነበር። ከዚያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም ሐይቁ ደረቀ። ሐይቅ የነበረበት ላይ ከብት ሲግጥ በዓይኔ አየሁ። ሐረርም ውሃ ፍለጋ ወደናንተ ወደ ድሬዳዋ በኩል ወረደች፤ ዛሬ ከቆላው ጉድጓድ ተስቦ ወደ ደጋው ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሐይቁ ውስጥ ውሃ ተመልሷል፣ አልሐምዱሊላህ።

ሦስት ዓመት ሆነው፣ የ11ኛ ክፍል ልጆች ይዤ ወደዚያ ሄድኩ። ጥያቄያችን "ሐይቁን ማን አደረቀው?" ነበር። ልጆቹ መልሱን ቤታቸው ጨርሰው ነው የመጡት፦ "ገበሬዎቹ ለጫት በሞተር ስበው ጨረሱት።" ደብተራቸው ላይ ሳይቀር ጽፈውታል። ሽማግሌዎች አነጋገርን። አንዱ ስለ ሞተሩ ነገረን። ሌላው "ተራራው ላይ ዛፍ ሲያልቅ አፈሩ ወርዶ ሐይቁን ሞላው፣ ሐይቁ እየሰፋ እየሳሳ ሄደ" አለን። ሦስተኛው ሳቀና "እናንተስ ሐረር ሆናችሁ ስንት ዓመት ጠጣችሁት?" አለ። ልጆቹ ደነገጡ።

ከዚያ ከኋላ የነበረ አንድ ልጅ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ፣ ቀስ ብሎ "አባቴም ሞተር አለው" አለ። ዝም አልን ሁላችንም። "በሱ ነው እኔን ያስተማረኝ" አለ ደግሞ።

እኔ ምን እንደምል አላወቅኩም፣ እውነቴን ነው። ልሰብክ አሰብኩ፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም። አንዲት ልጅ ነች ያዳነችን። "ታዲያ አባትህ ውሃ ሳይጨርስ እንዴት ነው ሊያስተምርህ የሚችለው?" አለችው፣ እንደ ወቀሳ ሳይሆን እንደ ጥያቄ። እሱ ላይ አንድ ሰዓት ቆየን። ስለ ጠብታ መስኖ፣ ማታ ስለ ማጠጣት፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ አወዳይ ገበያ ዋጋ። ወሬውን ያ ዝምተኛ ልጅ ነው የመራው፤ ከመሃላችን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበርና።

ቲቸር ከዚራ፣ አንተ ልጆቹ ይምሩ ብለሃል። እኔ ያየሁት መሪው ቀድሞ አይታወቅም። በውጤት አንደኛ የሆነችውን "ቡድን መሪ" ብለህ አትሹማት። ውጭ ስትወጣ የሚያስፈልገው ነገር ይለወጣል፣ መሪውም አብሮ ይለወጣል።

—

ንባብ ወዳድ · ጥቅምት 8

በሐሳቡ ዙሪያ ትንሽ ልጨምር። ከቤት ውጭ በተግባር መማር የሚባለው ነገር ሲነሳ የሚጠቀስ ሰው ኩርት ሃን ነው፤ ከናዚ ጀርመን ተሰዶ እንግሊዝ የገባ መምህር። ከመርከብ ባለቤቱ ከሎረንስ ሆልት ጋር ሆኖ በ1941 እ.ኤ.አ. ዌልስ ውስጥ "አውትዋርድ ባውንድ"ን ከፈተ። ሆልት ያሳሰበው መርከባቸው ሲመታ ጉልበት ያላቸው ወጣት መርከበኞች እየሞቱ አሮጌዎቹ መትረፋቸው ነበር ይባላል። ወጣቶቹ ያነሳቸው ጉልበት ሳይሆን ችግር ፊት ቆሞ ማወቅ ነው ብለው አሰቡ።

በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዴቪድ ኮልብ የተባለ አሜሪካዊ አራት ደረጃ ያለው ዑደት ጻፈ። ትሰራለህ፣ የሰራኸውን መለስ ብለህ ታያለህ፣ ከሱ ሐሳብ ታወጣለህ፣ ሐሳቡን እንደገና ትሞክራለህ። እኛ አገር ጉብኝት ከሄድን የመጀመሪያዋን ሰርተን ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ሁለተኛዋ ላይ የደረሰ አላየሁም። ስለዚህ በየጉዞው መጨረሻ ግማሽ ሰዓት ዛፍ ሥር ቁጭ ብላችሁ "ምን አየን? ምን ጠብቀን ነበር?" በሉ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ይከብዳል።

ከቅርባችን ካላችሁ፣ ጄን ጉዳል "ሩትስ ኤንድ ሹትስ"ን የጀመረችው በ1991 እ.ኤ.አ. ዳሬሰላም ላይ ከ12 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ጋር ነው። አሥራ ሁለት። ሃያ አምስት ብዙ ነው ቲቸር።

—

ሳቢያን ማዶ · ጥቅምት 8

ሁለተኛዋ ደረጃ ላይ እኛ ደርሰናል። ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን መለስ ብለን የምናይበት ሰዓት ከሰባት እስከ አሥር ነው። በርጫ ይባላል።

—

11ኛ ቢ · ጥቅምት 9

ሰላም። እኔ ተማሪ ነኝ። የቲቸር ከዚራ ተማሪ ልሁን አልሁን አልናገርም 😅

አንድ ነገር ልበል? እስካሁን ስለኛ ነው የምታወሩት፣ ማንም አልጠየቀን።

አምና ለአረንጓዴ አሻራ በትምህርት ቤት ወጥተን ነበር። ቲሸርት ተሰጠን፣ ተከልን፣ ፎቶ ተነሳን። እኔና ሦስት ጓደኞቼ መስከረም ላይ ዝም ብለን ሄደን አየናቸው። ማንም አላዘዘንም፤ በዚያ በኩል የጓደኛችን አያት ቤት አለ። እኛ ከተከልንበት መስመር ቆጥረን 60 ጉድጓድ አገኘን። ቆሞ የነበረው 7 ነው። አንዷን የደረቀች ስንነቅል ምን አገኘን? ጥቁሩ ላስቲክ ሥሯ ላይ አለ! ሳይቀደድ ነው የተተከለው። ሌላ ነቀልን፣ እሱም ላስቲክ አለው። ሥሩ ውስጡ ተጠቅልሎ ነው የሞተው። ከዚያ ትዝ አለን፦ በዚያ ቀን "ቶሎ ቶሎ፣ እንግዶቹ ሊመጡ ነው" ሲሉን ነበር። ምናልባት ያቺን የተከልኳት እኔው እሆናለሁ።

ባዮሎጂ ላይ ስለ ሥር ተምረናል እኮ፣ ሥዕሉንም ስለናል። እና የኔ ጥያቄ፦ ውጭ ስንወጣ ያበላሸነውን እንድናይ ይፈቀድልናል? ወይስ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ነው የምናየው?

—

ቲቸር ከዚራ · ጥቅምት 9

ይፈቀዳል። ላስቲኩን ይዛችሁት ከሆነ አምጡልኝ። ክፍል ውስጥ እሰቅለዋለሁ።

—

ጎርፉን ያየሁ · ጥቅምት 9

የኔ ልጅ፣ ሄዳችሁ ማየታችሁ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ተባረኩ።

—

ነጭ ጋዋን · ጥቅምት 10

ጤና ባለሙያ ነኝ፣ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። ክበቦች "የመጤ አረም ነቀላ" እያሉ ልጆችን በባዶ እጅ ፈረምሲሳ ሲያስነቅሉ አያለሁ። ነጭ ትናንሽ አበባ ያላት፣ በየመንገዱ ዳር የሞላችዋ። እባካችሁ ተዉ። ቆዳ ታቃጥላለች፣ ታሳክካለች፣ አስም ያለበትን ልጅ ታስነሳበታለች። ባለፈው ዓመት ከአንድ ቅዳሜ በኋላ አራት ልጆች እጃቸው አብጦ መጡብን። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል። አበባ ሳታወጣ ነው የምትነቀለው፤ ካበበች በኋላ ከነቀላችሁ ዘሯን እየዘራችሁ ነው። አስም ያለባቸውን ልጆች ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እሷን ሥራ ለነሱ አትስጧቸው።

ከፀሐይ ሌላ ጭንቀቴ እባብና ጊንጥ ነው። ድንጋይ በእጅ አይገለበጥም። ክፍት ጫማ ክልክል።

—

ወራባ · ጥቅምት 10

እኛ ሐረር ተራራ መውጣት አያስፈልገንም፣ ጅቡ ራሱ ይመጣልና 😂

ግን የምሬን ነው። ልጆች ይዘን ምሽት ላይ የጁገል ግንብ ሥር ተቀምጠን የጅብ መግቢያዎቹን፣ ወራባ ኑዱሎቹን፣ አጥንተናል። በየትኛው ይገባሉ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ይዘው ይወጣሉ። አጥንት ይበላሉ፣ ቆዳ ይበላሉ፣ ሥጋ ሻጭ የጣለውን ሁሉ ይበላሉ። ድሮ የከተማዋን ቆሻሻ የሚያጸዱት እነሱ ናቸው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ማስታወሻው ላይ ምን ጻፈ መሰላችሁ? "ጅብ ፌስታል አይበላም።" በቃ፣ ስለ ቆሻሻ ያስተማርኩት የአንድ ወር ትምህርት በሦስት ቃል አለቀ።

—

ሎጋሪዝም · ጥቅምት 10

ይቺ ጥሩ ናት።

—

እርከን ሠሪ · ጥቅምት 12

በተራራው በኩል በግብርና ልማት ሠራተኝነት ለዓመታት ሰርቻለሁ። ሦስት ነገር ልናገር፣ ሁለቱ አጭር ናቸው።

መሣሪያ ግዢ ውስጥ አትግቡ። ሁለት ሜትር የሚያህሉ ሁለት እንጨቶች ጫፋቸውን አስራችሁ፣ መሃል ላይ አግዳሚ አድርጉ፤ የፈረንጆቹን ኤ ፊደል ይመስላል። ከላይ ገመድ አውርዱ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ ይታሰር። ሁለቱን እግሮች አቁማችሁ ገመዱ አግዳሚውን የነካበትን ምልክት አድርጉ። እግሮቹን አቀያይራችሁ እንደገና ምልክት አድርጉ። የሁለቱ ምልክቶች መሃል ልኩ ነው። በዚህ ተዳፋት ላይ እኩል ከፍታ ያለውን መስመር ታወጣላችሁ፣ እርከን የሚሰራው በሱ ላይ ነው። ልጅ በአሥር ደቂቃ ይለምደዋል። የሒሳብ መምህሩን ውሰዱት፣ ይወደዋል።

ክትር፣ ማለትም ጎርፍ የሚያግድ የድንጋይ ካብ፣ ካያችሁ ደግሞ ኋላውን እዩ። ድንጋዩ ጀርባ ስንት አፈር ተጠራቅሟል? ያ አፈር ከተማው ሊገባ የነበረ ነው።

ሦስተኛው ዋናው ነው። ያ መሬት ባዶ አይደለም፣ ሰው አለበት። ሃያ አምስት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ የሰው ማሽላ ውስጥ ሲተራመስ ገበሬው ምን ይላል? መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ጋ ሂድ፣ ሰላምታ ስጥ፣ ጠይቅ። ቋንቋው እንደ ሰፈሩ ኦሮምኛ ነው፣ ሶማልኛም አለ። አንተ የማትችል ከሆነ ክፍልህ ውስጥ የሚችሉ ሞልተዋል። "አስተርጓሚ" አትበላቸው፤ ንግግሩን እነሱ ይምሩት፣ አንተ ከኋላ ሁን። ከተሜ መምህር ከፊት ሲቆም ገበሬው የሚነግረው መምህሩ መስማት የሚፈልገውን ነው። የጎረቤት ልጅ ሲጠይቀው ነው እውነቱን የሚያወራው።

—

ቲቸር ከዚራ · ኅዳር 10

ዘገየሁ፣ ይቅርታ። ፈቃዱ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ስለ ደብዳቤውና ስለ ማኅተሙ ሌላ ክር ልክፈት እችላለሁ። ለማንኛውም ቅዳሜ ሄድን።

ልጆቹን ወደ 14 ቀነስኩ። የ10ኛ እናት መጣች፣ ወላሂ ከሁላችንም ቀድማ ነው ድልድዩ ጋ የተገኘችው። ሌላ መምህርትም ነበረች። ጋሼ ጎርፉን ያየሁ መጥቶ አሥር ደቂቃ ተናገረ። ግድግዳ ላይ እጁን አድርጎ "እስከዚህ" ብሎ ሲያሳያቸው ስልክ ያወጣ ልጅ አልነበረም።

ከዚያ ሽቅብ። የሃይላንዱን ሙከራ ሁለት ቦታ አደረግን። ግራሩ ሥር ውሃው ቶሎ ጠፋ። የፍየል መንገዱ ላይ ጠብቀን ጠብቀን ደከመን፣ ልጆቹ ኩኪሳቸውን በሉ፣ ውሃው አሁንም አለ። አንዱ "ቲቸር ይሄ እኮ አስፋልት ሆኗል" አለ። ስለ መሬት መጠቅጠቅ የያዝኩትን ማስታወሻ ከኪሴ አላወጣሁትም።

ሁለት ስህተት ሰርቻለሁ። ባጃጁ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ገፍተን ነው ያወጣነው፤ ውሃውን የያዘው እሱ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ያለ ውሃ ቆየን። ሁለተኛው ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን "ምን አየን" ስንባባል ብዙ አወራሁ። ለመምህር ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

አሁን ዋናው ነገር። ከላይ አንድ ሰፈር ደረስን፣ አንድ ሽማግሌ ደጃቸው ተቀምጠዋል። እርከን ሠሪ እንዳለኝ ወደ ኋላ ቀረሁ። ኦሮምኛ የምትችል አንዲት የ10ኛ ልጅ ቀረበች፤ ክፍል ውስጥ ስሟን ስጠራ ብቻ ነው ድምፅዋን የምሰማው። ሰላምታው ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀ፤ የሰው፣ የከብት፣ የዝናብ፣ የሰላም። ከዚያ እሳቸው የሆነ ነገር ጠየቋት፣ እሷ ዝም አለች። "ምን አሉ?" አልኳት። "አምናም ልጆች መጥተው ችግኝ ተክለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ማን መጣ? ነው የሚሉት" አለችኝ።

ማንም አልመለሰም። እኔም።

ስንመለስ ልጆቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ ነበር። ከተማ ሳንገባ አስቆሙኝ። የኔ እቅድ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ላይ ራቅ ብሎ መሄድ፣ ከዚያ ደንገጎ ነው፤ ካርታውን ሰርቼ፣ አትሜ፣ በላስቲክ አስሸፍኜዋለሁ። እነሱ ግን ሌላ ቦታ መሄድ አንፈልግም አሉ። እዚያው ሰፈር መመለስ ነው የሚፈልጉት። የሞተውን መቁጠር፣ የቆመውን ማጠር፣ ለምን እንደሞተ ሽማግሌውን መጠየቅ፣ በሚቀጥለው ወርም እዚያው። "ደንገጎስ?" አልኳቸው። "ደንገጎ የትም አይሄድም" አለችኝ ያቺው ልጅ።

እውነቱን ልናገርና ትንሽ ከፋኝ። ሴሚስተሩን ሙሉ ያሰብኩት ነገር በሁለት ደቂቃ ፈረሰ። ማታ ነው ምን እንደተደረገብኝ የገባኝ።

—

ጁገል አምስት በር · ኅዳር 10

ካርታውን አትጣለው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይሆናል። ያቺን ልጅም ቡድን መሪ ብለህ እንዳትሾማት፣ እለምንሃለሁ። ተዋት ዝም ብላ ትምራ።

—

11ኛ ቢ · ኅዳር 11

ቲቸር ባጃጁን ስንገፋ ጫማህ የተቀደደውን አልጻፍክም 😂

—

ሎጋሪዝም · ኅዳር 11

በሃይላንዱ ሙከራ የመዘገባችሁትን ደቂቃ ላክልኝ። ሁለት ቦታ አይበቃም፣ ቢያንስ በየዓይነቱ አምስት አምስት ቦታ ለኩና አማካዩን አውጡ። እኔ አልመጣም፣ ቅዳሜ ማጠናከሪያ አለብኝ። ቁጥሩን ግን ላክልኝ፣ ለ11ኛ ክፍል ስታቲስቲክስ ላይ እጠቀምበታለሁ።

—

የ10ኛ እናት · ኅዳር 11

እኔ እመጣለሁ። ጉልበቴን እያመመኝ ነው፣ ግን እመጣለሁ። ፍየል የማያልፈው እሾህ አጥር እንዴት እንደሚታጠር እናቴ አስተምራኛለች፤ እናንተ መምህራን አታውቁትም።

—

ቲቸር ከዚራ · ኅዳር 12

ኅዳር 24፣ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ድልድዩ ጋ። ባጃጅ የለም፣ አህያ ተከራይተናል። መጥረቢያ ከእንጨት ሠሪ ጎረቤቴ ተውሻለሁ። ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ።

—

ሳቢያን ማዶ · ኅዳር 12

አህያዋን እኔ እነዳለሁ። ከክፍል ተባርሬ ያልጨረስኩት ትምህርት አለ።